አልሙኒየም ላይ ጥቁር ጽሑፍ ማውጣት፦ ደሴ ላይ በፋይበር ሌዘር ያየሁት

«ልጄ፣ ጽሑፉ የታለ?»

ሐጂ ይህን ያሉኝ ሰሌዳውን ወደ በሩ ብርሃን ዘንበል ቀና እያደረጉ ነው። ከኮምቦልቻ ሐረጎን ወጥተው ደሴ ድረስ የመጡት ለዚሁ ሥራ ነበር። የውሃ ፓምፕ ሞተር ይጠግናሉ፤ የሞተሩን ቁጥርና የተጠገነበትን ቀን የያዙ፣ በየሞተሩ ላይ የሚመቱ 60 ትንንሽ የአልሙኒየም ሰሌዳዎች አዘውኛል። የመጀመሪያዎቹን 5 ሠርቼ ጠረጴዛው ላይ ደርድሬላቸዋለሁ። ጽሑፉ አለ። ግን ብርማ ላይ ነጣ ያለ ግራጫ ስለሆነ በጎን ሲያዩት ይነበባል፣ ፊት ለፊት ሲያዩት ይጠፋል።

«ፓምፕ ቤት ጨለማ ነው፤ በባትሪ ነው የምናነበው። ባትሪ ሲበራበት ደግሞ ጭራሽ ያብረቀርቃል። ጥቁር አድርጊልኝ» አሉኝ።

«እሺ ሐጂ፣ ትንሽ ቀን ይስጡኝ።»

«አብሽሪ፣ አልቸኩልም» ብለው ሄዱ።

ትንሽ ቀን ያልኩት ነገር ሦስት ወር ገደማ ወሰደ። በዚያ ጊዜ ያየሁትን በሙሉ እዚህ የምጽፈው፣ አዲስ ፋይበር ሌዘር፣ በጨረር ብረት ላይ የሚጽፈውን ማሽን፣ ገዝተው አልሙኒየም ላይ «ለምን አይጠቁርልኝም?» እያሉ የሚደውሉልኝ ልጆች ስለበዙ ነው። እኔ በጀመርኩበት ጊዜ የሚነግረኝ ሰው ቢኖር ብዙ ላሜራና ብዙ ሌሊት ይተርፈኝ ነበር።

ሱቄ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ነው። ማህተም፣ ቁልፍ መያዣ፣ የቢሮ በር ላይ ስም፣ የዋንጫ ጽሑፍ እሠራለሁ። ማሽኔ 20 ዋት ፋይበር ሌዘር ነው፤ ኪው-ስዊች የሚባለው ተራው ዓይነት። ስቴይንለስ ላይ ከሰል የመሰለ ጥቁር ያወጣልኛል። ስፒዱን ቀነስ፣ ፎከሱን ትንሽ ከፍ አድርጌ ቀስ ብዬ ሳሞቀው ይጠቁራል፣ አለቀ። ስለዚህ አልሙኒየምም እንደዚያው መስሎኝ የስቴይንለሱን ቁጥር እንዳለ ገለበጥኩት። የወጣው ነጭ ነው። ፓወር ጨመርኩ፣ ይበልጥ ነጣ። ፎከሱን ከፍ ባደርገው ጭራሽ ምንም አልታይ አለ።

ነገሩ የገባኝ የሁለቱን ብረቶች ጠባይ ለይቼ ካየሁ በኋላ ነው። ስቴይንለስ ሲሞቅ ላዩ ላይ የሚፈጠረው ኦክሳይድ ራሱ ጥቁር ነው፤ ቀለሙ ከብረቱ የሚወጣ ነው ማለት ይቻላል። የአልሙኒየም ኦክሳይድ ግን ቀለም የለውም፤ ሲጠራቀም ነጭ ነው። የብርጭቆ ወረቀት ላይ የሚለጠፈው ሻካራ ዱቄት እንኳ ብዙ ጊዜ እሱው የአልሙኒየም ኦክሳይድ ነው። ስለዚህ አልሙኒየምን የፈለገውን ያህል ብናሞቀው ጥቁር ኦክሳይድ አይሰጠንም፣ የሌለውን ከየት ያመጣል። በዚያ ላይ የፋይበር ሌዘር ጨረር 1064 ናኖሜትር ሲሆን፣ አልሙኒየም አብዛኛውን መልሶ ያንጸባርቀዋል። የገባችውንም ጥቂት ሙቀት ቶሎ ይበትናታል፤ ሙቀት በማስተላለፍ ከስቴይንለስ ከ10 እጥፍ በላይ ይፈጥናል። ብረቱ 660 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፤ ላዩን የሸፈነው ኦክሳይድ ግን ለመቅለጥ ከ2,000 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል። ቀስ ብሎ ማሞቅ የሚባለው ዘዴ እዚህ የማይሠራው ለዚህ ነው።

ታዲያ አልሙኒየም ላይ የምናየው ጥቁር ከየት ይመጣል? ከላዩ ቅርጽ ነው። ከፋይና ሳቲን ጨርቅ አንድ ዓይነት ጥቁር ቀለም ቢነከሩ ከፋዩ ይበልጥ ይጠቁራል፤ ብርሃኑ በጭገሩ መሃል ገብቶ ስለሚቀር ነው። አልሙኒየምም እንዲሁ ነው። ጨረሩ ላዩን በጣም ጥቃቅን፣ ጥልቅና ጥቅጥቅ ያሉ ጉድጓዶች ካደረገው ብርሃን ገብቶ መውጫ ያጣል፣ ዓይናችንም ጥቁር ነው ይላል። ጉድጓዶቹ ሰፋፊና ጥልቀት የሌላቸው ከሆኑ ብርሃኑን በየአቅጣጫው ይበትኑታል፣ ያን ጊዜ ነጭ ነው የምናየው። ይህን ከተረዳሁ በኋላ «ስንት ፓወር ልስጠው?» ማለቱን ትቼ «ላዩን እንዴት ላሻክረው?» ብዬ መጠየቅ ጀመርኩ። ሥራው መስመር የያዘልኝ ከዚያ ወዲህ ነው።

ለሙከራ የሚሆን ብረት መግዛት አያስፈልግም። የአልሙኒየም በርና መስኮት የሚሠሩ ቤቶች ቁርጥራጭ ይጥላሉ፤ አንድ ከረጢት ሙሉ በጥቂት ብር ሰጡኝ። እዚህ ላይ ግን አንድ ወጥመድ አለ። ከዚያ ቁርጥራጭ ውስጥ አንዳንዱ ባዶ አልሙኒየም ነው፣ አንዳንዱ ቀለም የተቀባ ነው፣ አንዳንዱ ደግሞ አኖዳይዝድ ነው፤ ይህ ማለት በኬሚካልና በኤሌክትሪክ ወፍራም የኦክሳይድ ሽፋን እንዲያወጣ የተደረገ ነው። ብርማው አኖዳይዝድና ባዶው በዓይን ይመሳሰላሉ፤ በሌዘር ግን ሰማይና ምድር ናቸው። እኔ ሁለት ሳምንት ሙሉ አንድ ቀን እየጠቆረልኝ አንድ ቀን እየነጣብኝ ግራ የተጋባሁት ሁለቱን እየቀላቀልኩ ስለነበር ነው።

መለያው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ቴስተር ነው። ድምፅ ወደሚሰጠው ቦታ አዙራችሁ ሁለቱን ጫፎች ላዩ ላይ ቀስ አድርጋችሁ አስነኩት። ከጮኸ ባዶ አልሙኒየም ነው። ካልጮኸ አኖዳይዝድ ነው ወይም የሆነ ነገር ተቀብቷል፤ ኦክሳይዱ ኤሌክትሪክ አያሳልፍምና። ጫፉን ጭናችሁ ሽፋኑን አትብሱት፣ ከተበሳ ይጮኻል። አሁን ደንበኛ የራሱን ዕቃ ይዞ ሲመጣ መጀመሪያ የማነሳው ቴስተር ነው።

ባዶው አልሙኒየም ላይ ያደረግኩትን ልናገር። አንድ ዘንግ በጥጥና በአልኮል አጽድቼ፣ 8 ሚሊሜትር በ8 ሚሊሜትር የሆኑ 100 ትንንሽ ካሬዎች አሠራሁበት። ወደ ታች ስፒዱ ይቀየራል፣ ወደ ጎን ፍሪኩዌንሲው፣ ማለትም ጨረሩ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመታ። ላይትበርን የሚባለው የሌዘር ፕሮግራም ይህን የሙከራ ሠንጠረዥ ራሱ ይሠራል፤ ኢዚካድ በሚባለው ፕሮግራም ግን ለእያንዳንዱ ካሬ የየራሱን ፔን (የስፒድ፣ የፓወርና የፍሪኩዌንሲ ቁጥር) እየሰጠሁ በእጄ ነበር የማስተካክለው። የእኔ ማሽን ፍሪኩዌንሲ ከ20 እስከ 80 ኪሎኸርዝ ነው። እዚህ ላይ አንድ ቀላል ስሌት ብታውቁ ብዙ ይረዳችኋል። ፓወሩን ለፍሪኩዌንሲው ስታካፍሉት የአንዷን ምት ጉልበት ታገኛላችሁ። 20 ዋት በ20 ኪሎኸርዝ፣ እያንዳንዷ ምት 1 ሚሊጁል ናት፤ በ80 ኪሎኸርዝ ግን ሩብ ብቻ ናት። አልሙኒየምን ለመቦርቦር ጠንካራ ምት ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ጥቁሩ ያለው በዝቅተኛው ፍሪኩዌንሲ በኩል ነው። ሠንጠረዡም ያሳየኝ ይህንኑ ነው፤ በ60ና በ80 በኩል ያሉት ካሬዎች ሁሉ ነጭና ብርማ ናቸው።

ሁለተኛው ስሌት ስፒዱን ለፍሪኩዌንሲው ማካፈል ነው፤ ምቶቹ ምን ያህል ተቀራርበው እንደሚያርፉ ይነግራችኋል። 1,000 ሚሊሜትር በሰከንድ በ25 ኪሎኸርዝ ስትሄዱ ምቶቹ 0.04 ሚሊሜትር ይራራቃሉ፤ ጎን ለጎን የተደረደሩ ነጥቦች ናቸው። 150 ላይ ስትሄዱ ግን 0.006 ነው፤ ምት በምት ላይ ይደራረባል፣ ጉድጓዱም ይጠልቃል። በእኔ ማሽን ላይ ጥሩ ጥቁር ግራጫ የሰጠኝ ይህ ነው፦ ስፒድ 150፣ ፓወር 80 በመቶ፣ ፍሪኩዌንሲ 25፣ በመስመርና በመስመር መካከል 0.02 ሚሊሜትር፣ አንዴ በአግድም አንዴ በቁም። ፎከሱ ልክ መሆን አለበት፤ 1 ሚሊሜትር ስታነቀንቁት ይነጣል። እነዚህን ቁጥሮች እንደ መነሻ ያዟቸው እንጂ እንዳለ አትገልብጧቸው። የእናንተ ሌንስ፣ የእናንተ ላሜራ፣ የጨረር ምንጩ ዕድሜ ሁሉ ይለውጠዋል።

ያን የጠቆረውን ካሬ በጣት ጫፍ ስነካው የድመት ምላስ ይመስላል። ነጩ ካሬ ደግሞ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት የተፈተገ ይመስላል። እስካሁን ድረስ ከዓይኔ በፊት ጣቴን ነው የማምነው።

ከስቴይንለስና ከነሐስ ያመጣሁት አንድ ልማድ ደግሞ ብዙ ቀን አደናቀፈኝ። ቀረጻው ሲያልቅ በፈጣን ስፒድና በከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ አንድ ጊዜ ማለፍ፣ እኛ «ማጽጃ» የምንለው፣ ጥላሸቱን ያነሳልናል። አልሙኒየም ላይ ይህን ስታደርጉ የደከማችሁበትን ሻካራ ጫፍ ሁሉ አቅልጣችሁ ትደፍኑታላችሁ። ያ ዙር ሲያልፍ ጥቁሩ ከዓይኔ ሥር ብርማ ሲሆን አየሁት። አልሙኒየም ላይ የመጨረሻው ዙር ያው ጥቁሩን ያወጣው ዙር መሆን አለበት።

ቁጥሩን ካገኘሁ በኋላ ለሐጂ 12 ሰሌዳ ሠርቼ ላክሁላቸው። በሳምንቱ ደወሉ።

«ልጄ፣ ሰሌዳውን በናፍጣ ጨርቅ ጠረግነው። ጨርቁ ጠቆረ፣ ጽሑፉ ነጣ።»

ይህን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱም የእኔ ነው። ጥቁር ብዬ ካስረከብኩት ግማሹ ያህል ቀለም ሳይሆን ጥላሸት ነበር። ጨረሩ አልሙኒየሙን ሲበትነው በጣም የላመ ጥቁር ዱቄት ጉድጓዱ ውስጥና ጠርዙ ላይ ይቀመጣል። ሱቁ ውስጥ ሲያዩት ያኮራል፤ በላብ፣ በዘይትና በናፍጣ ግን ይሄዳል። ለ12ቱም ምንም አላስከፈልኳቸውም። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም የአልሙኒየም ሥራ ጥቁረቱን ከመገመቴ በፊት በአልኮል በራሰ ጥጥ ጠንከር አድርጌ እፈትገዋለሁ፤ ጥጡ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ። የቀረው ነው እውነተኛው ጥቁር። ከዚያ በኋላ በጥፍር እጭረዋለሁ፣ ወደ ደጅ ወጥቼ ፀሐይ ላይ በአራቱም አቅጣጫ አዘንብዬ አየዋለሁ። በአንድ በኩል ጠቁሮ በሌላ በኩል የሚነጣ ከሆነ መስመሮቹ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ናቸው ማለት ነው፤ ለዚህ ነው አግድምና ቁም የሚያስፈልገው።

ከጽዳት በኋላ ባዶ አልሙኒየም ላይ በኪው-ስዊች የሚቀረው ጥቁር ግራጫ ነው። ከሰል አይሆንም። ይህን ለደንበኛ ናሙናውን ይዞ ቀድሞ መናገር ያስፈልጋል። ሻካራ ስለሆነም የእጅ ቅባትና አቧራ ይይዛል፤ ሰው አዘውትሮ የሚነካው ዕቃ ከሆነ ላዩን ቀለም የሌለው ላከር እረጨዋለሁ። ላከሩ ራሱ መልኩን ስለሚለውጥ መጀመሪያ ቁርጥራጭ ላይ ነው የምሞክረው።

ጊዜውንም አስቡት። 10 በ40 ሚሊሜትር የሆነ ሙሉ ቦታ በ1,000 ስፒድና በ0.05 ክፍተት ነጭ አድርጋችሁ ብትሞሉት 8 ሰከንድ ያህል ነው። ያንኑ ቦታ በ150 ስፒድ፣ በ0.02 ክፍተት፣ በሁለት አቅጣጫ ስትሠሩት 4 ደቂቃ ተኩል ገደማ ይወስዳል፤ ይህም ጨረሩን የሚመሩት መስታወቶች መዞሪያ ላይ የሚያጠፉትን ጊዜ ሳይጨምር ነው። ፊደል ሙሉ ቦታውን ስለማይሞላ ከዚያ ያነሰ ይሆናል፤ ቢሆንም ዋጋ ስትነግሩ በቁጥር ሳይሆን በደቂቃ አስሉ። እኔ መጀመሪያ የነጩን ዋጋ ነግሬ ጥቁር ሠራሁ፤ ቀኑን ሙሉ ማሽኑ እየሠራ የቤት ኪራይ እንኳ አልወጣም።

በዚህ ሁሉ ደቂቃ የሚጠራቀመው ሙቀት ቀጭን ላሜራን ያጣምማል። ግማሽ ሚሊሜትር የሆነችው መሃሏ እንደ እንጀራ ጠርዝ ብድግ ትላለች፤ ብድግ ስትል ከፎከስ ትወጣለች፣ መሃሉ ነጭ ጠርዙ ጥቁር ይሆናል። አሁን ከ1 ሚሊሜትር በታች ለጥቁር ሥራ አልቀበልም፤ ከሥሯም ወፍራም የአልሙኒየም ጠፍጣፋ አደርግና በአራቱም ማዕዘን እይዛታለሁ። ሙቀቱን ከሥር ያለው ይጠጣዋል። ብዙ ሰሌዳ ካለ ደግሞ እየፈራረቅኩ ነው የምሠራው፤ አንዷ ስትበርድ ሌላዋ ትሠራለች።

የአማርኛ ፊደል የራሱ ጣጣ አለው፤ ይህን በእንግሊዝኛ የሚሠራ ሰው አያውቀውም። 3 ሚሊሜትር ቁመት ባለው ጽሑፍ ላይ «ፀ» እና «ዐ» ውስጥ ያለው ቀዳዳ በሙቀት ይደፈናል። «ሉ» ከ«ለ» የምትለየው በጎኗ ባለች ትንሽ ጭረት ነው፤ ያቺ ጭረት ከሳሳች ሰው «ለ» ብሎ ያነባል። የሰው ስም ላይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ ለጥቁር ሥራ ወፈር ያለ፣ ቀለል ያለ ፊደል እመርጣለሁ፤ ከ4 ሚሊሜትርም አልወርድም። ጽሑፉን ወደ ከርቭ፣ ማለትም ወደ ቅርጽ መስመር፣ ቀይሬ ነው የማስገባው። አንዳንድ የግዕዝ ፊደላት የተሠሩት አንዱ ቅርጽ በሌላው ላይ ተደርቦ ነው፤ ፕሮግራሙ ሲሞላው የተደረበውን ቦታ ባዶ አድርጎ ይተወዋል፣ «ጨ» መሃሏ ላይ ቀዳዳ አውጥታ ትገኛለች። ከመሙላታችሁ በፊት ቅርጾቹን አንድ ላይ ዌልድ አድርጓቸው። ከዚያ በስክሪኑ ላይ አጉልታችሁ ፊደል በፊደል እዩት። ሰሌዳ ላይ ከወጣ በኋላ ላጲስ የለም።

መብራትም አለ። ዙሩ መሃል ላይ ኤሌክትሪክ ከጠፋ ሰሌዳው ያልቅለታል፤ ካቆመበት ብትቀጥሉም መጋጠሚያው ላይ መስመር ይታያል። ረጅም ሥራ ያለ ዩፒኤስ አልጀምርም፤ ስታቢላይዘርም አለኝ። ደሴ ክረምት ላይ ደግሞ ጦሳ ጉም ለብሶ ሲያድር ሱቁ ውስጥ እርጥበት ይገባል፤ ጠዋት ሌንሱ ላይ ጤዛ መሰል ነገር ካለ ጨረሩ ይደክማል። ሌንሱን በእጅ ባትሪ በጎን አይቼ፣ አጽድቼ፣ ማሽኑ ትንሽ እስኪሞቅ ቁርጥራጭ ላይ አሠራውና ነው ወደ ደንበኛ ዕቃ የምገባው።

እስካሁን ያልኩት ስለ ባዶው አልሙኒየም ነው። አኖዳይዝዱ ሌላ ዓለም ነው፤ ለእሱ ሞፓ የሚባለው የፋይበር ሌዘር ዓይነት ያስፈልጋል። በተራው ማሽን አንዷ ምት የምትቆየው 100 ናኖሰከንድ አካባቢ ነው፤ አይቀየርም። ሞፓ ላይ ግን ከ2 እስከ 500 ናኖሰከንድ ድረስ የምንመርጥባቸው አሉ። አዲስ አበባ ያለ አንድ ወዳጄ ባለ 30 ዋት ሞፓ ስላለው ቁርጥራጮቼን በሻንጣ ይዤ 400 ኪሎሜትር ወረድኩና ሁለት ቀን አብሬው ሠራሁ። ብርማ አኖዳይዝድ ላይ ምቱን ወደ 6 ናኖሰከንድ አሳጥረን፣ ፍሪኩዌንሲውን 300 ኪሎኸርዝ፣ ስፒዱን 1,000፣ ፓወሩን 60 በመቶ፣ የመስመር ክፍተቱን 0.005 አደረግነው። ጥቁር ወጣ። ግራጫ አይደለም፤ በማንኛውም አቅጣጫ ጥቁር። ጥፍሬን ሳሳልፍበት ምንም አይነካም፣ ልስልስ ነው። በአልኮል ፈተግኩት፣ ጥጡ ነጭ ሆኖ ወጣ።

ለምን እንደሆነ ስሌቱ ራሱ ይናገራል። በዚህ ቁጥር አንዷ ምት 0.06 ሚሊጁል ብቻ ናት፤ የእኔ ማሽን በ20 ኪሎኸርዝ ከሚሰጣት 1 ሚሊጁል ከ15 እጥፍ በላይ ታንሳለች። ሽፋኑን አትሰብረውም። ቀስ በቀስ ውስጡን ትለውጠዋለች፣ ላዩ ግን ሳይነካ ይቀራል። የኪው-ስዊች ጠንካራ ምት ሽፋኑን ይሰነጣጥቀዋል፤ የተሰነጣጠቀ ሽፋን ደግሞ እንደ ተሰበረ ብርጭቆ ነጭ ነው። ስለዚህ በተራ ማሽን አኖዳይዝድ ላይ ጥቁር ለማውጣት ሌሊት አትፍጁ፤ እኔ ፈጅቻለሁ፣ አይወጣም። ሞፓ ላይም ቢሆን የሽፋኑ ውፍረት ከዕቃ ዕቃ ስለሚለያይ ለእያንዳንዱ ዓይነት ሙከራ ያስፈልጋል፤ ፓወር ትንሽ ሲበዛ ወዲያው ወደ ቡናማ ወይም ወደ ነጭ ይሄዳል።

ከአዲስ አበባ ስመለስ አውቶቡስ ውስጥ አንድ ነገር ሳወጣ ሳወርድ ነበር። ሐጂ የፈለጉት ጥቁር ቀለም ነው ወይስ ጨለማ ውስጥ የሚነበብ ጽሑፍ? ኪው-ስዊች አኖዳይዝድን ነጭ ያደርጋል ብለናል። እንግዲያው ሰሌዳው ራሱ ጥቁር አኖዳይዝድ ቢሆንስ? ጥቁር ላይ ነጭ። 8 ሰከንዱ ሥራ፣ ሳይጣመም፣ ሳይሻክር፣ በእኔው ማሽን። ዝግጁ ጥቁር አኖዳይዝድ ሰሌዳ ገዝቼ ሞከርኩት፤ «ፀ»ም «ሉ»ም ጥርት ብለው ወጡ። ተራ ማሽን ላላችሁ ሁሉ መጀመሪያ ደንበኛችሁን ይህን ጠይቁት እላለሁ። ሌላው አማራጭ 0.1 ሚሊሜትር ያህል ቆፍሮ ጥቁር ስፕሬይ ቀለም መንፋትና ሳይደርቅ ላዩን በጠንካራ ካርቶን መጥረግ ነው፤ ቀለሙ ጉድጓዱ ውስጥ ይቀራል። ለበር ስም ጥሩ ነው፤ ናፍጣ ለሚነካው ዕቃ ግን ቀለሙ ሊለቅ ስለሚችል አልሰጥም።

ስለ ዓይንና ስለ ሳንባ ደግሞ አደራ። ይህ ጨረር አይታይም፤ ሲያርፍባችሁ ዓይን አይጨፈንም። አልሙኒየም ደግሞ እንደ መስታወት ይመልሰዋል። መነጽሩ ለ1064 ናኖሜትር ተብሎ የተጻፈበት፣ የመከላከያ ደረጃውም (OD የሚለው) 6ና ከዚያ በላይ የሆነ ይሁን፤ የፀሐይ መነጽርም፣ እንጨት ለሚቆርጠው ሌዘር የመጣ መነጽርም አይሠራም። ቡና ይዞ የሚገባ ጎረቤት፣ ከትምህርት ቤት የሚመለስ ልጅ ሁሉ ዓይን አለው፤ ማሽኑ ሲሠራ በሬን እዘጋለሁ። የሚያብረቀርቅ ሰሌዳ ከሌንሱ መሃል ትክክል ሥር አላስቀምጥም፣ ትንሽ ወደ ጎን እገፋዋለሁ፤ ጨረሩ ቀጥ ብሎ ወደ ምንጩ እንዳይመለስ። ጭሱን በቱቦ ወደ ውጭ አስወጣለሁ። የአልሙኒየም ብናኝ ሲጠራቀም ይቀጣጠላል፤ ስለዚህ ቱቦውን ቶሎ ቶሎ አጸዳለሁ፣ ብረት የሚቆርጥ ዲስክ የእሳት ብልጭታ ወደሚረጭበት ቦታም አላስጠጋውም።

ሐጂ የመጡ ቀን ሦስት ሰሌዳ ደረደርኩላቸው። አንዱ በእኔ ማሽን ባዶ አልሙኒየም ላይ የወጣው ጥቁር ግራጫ፣ አንዱ አዲስ አበባ በሞፓ የተሠራው ብርማ ላይ ጥቁር፣ አንዱ ጥቁር ላይ ነጭ። የሦስቱንም ዋጋ ነገርኳቸው። ምንም ሳይሉ ከኪሳቸው ናፍጣ የጠጣ ጨርቅ አወጡ፤ ይዘውት ነው የመጡት። አንድ በአንድ ጠረጉ፣ በየጊዜው ጨርቁን እየገለበጡ አዩት። ከዚያ የሱቁን መብራት አጥፊው አሉኝና የስልካቸውን ባትሪ አበሩ። የመጀመሪያውን ወዲያው ወደ ጎን አደረጉት። በሁለቱ መካከል ትንሽ ቆዩ።

«ይሄኛው ያምራል» አሉ ብርማውን እያሳዩኝ። ከዚያ ጥቁሩን ሰሌዳ አንስተው ቁጥሩን ጮክ ብለው አነበቡ። «60ውን በዚህ አድርጊልኝ። ቀኑን ግን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጻፊው።»